ለማንኛውም

ፕራሚላ ለአንድ ክሊኒክ በፒኤችፒ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው የመልእክት መላኪያ ፕሮግራም ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን ፋይል ሁሉ ሳይመርጥ ከፍቶ ሥራ ያስጀምራል። «ዳይ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ፣ የምትላቸው አለቃዋ ሱባሽ ደግሞ ፋይል ማጥፋት ሞታቸው ነው፤ የበሰበሰውንም ያከማቻሉ። ጠዋት ለክሊኒኩ ታካሚዎች የዳሻይን በዓል መልካም ምኞት ሲላክ፣ ዳይ ድሮ ለሙከራ ጽፈው ፎልደሩ ውስጥ የተዉት ቀልድ አብሮ ሄደ፦ «እስካሁን አልሞቱም እንዴ?»

ፕራሚላን አንገሸገሻት። «ዳይ፣ ይሄ ቆሻሻ እዚህ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለማንኛውም ብዬ ነዋ፣ እህቴ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ከምሳ በኋላ የቀጠሮ ማስታወሻ ተላከ። ወዲያው እዚያው ክሊኒክ የሚታከሙት አባቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ጠዋት አንዴ፣ አሁን ደግሞ ሁለቴ አልሞቱም እንዴ አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ፎልደሩን ከፈተች። ዳይ ፋይሉን አጥፍተውታል። ከማጥፋታቸው በፊት ግን ሁለት ቅጂ ገልብጠው እዚያው አስቀምጠዋል።