የማለዳው ጥቁር ጉድጓድ

ታናሽ እህቴ የምሥራች ቴፒ ካምፓስ ስትገባ ፊዚክስ የደረሳት ሳትመርጠው ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ፍቅሩ ይዟት፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ሳሙና ስሸጥ እሷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስለ ጥቁር ጉድጓድ ትሰብከኝ ነበር። የገባበት ብርሃን እንኳ አይወጣም ስትለኝ፣ እንደ ሰፈራችን ጭቃ ነዋ ብዬ ቀለድኩባት።

ቀልዱ ያበቃው የመመረቂያ ጽሑፏን ያቀረበች ዕለት ነው። ትልልቅ ኮከቦች ሲሞቱ ወደ ውስጥ ተደርምሰው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ፣ ከዚያም ጋዝ እየዋጡ ይገዝፋሉ አለች። መምህሯ ጥበቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፦ አጽናፈ ዓለሙ ገና ሕፃን ሳለ ግዙፎቹ ጥቁር ጉድጓዶች ነበሩ፤ መቼ በልተው መቼ አደጉ? ይህን የሚመልስ አድርጋ አስተካክላ ካላቀረበች ከጓደኞቿ ጋር እንደማትመረቅ ተነገራት።

ሻንጣዋን ይዛ ገጠር አባታችን ቤት ገባች፤ ትምህርት በቃኝ አለች። ተናድጄ ተከተልኳት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላት፣ "ጊዜ ካጣስ?" ብላ ጮኸችብኝ። አባዬ ግን አልተቆጣም። የተከላ ወቅት ስለነበር ሁለታችንንም ይዞን ቡናው ጫካ ገባ።

አባዬ ችግኝ ጣቢያ አይሄድም። ከእናት ዛፎቹ ሥር ከበቀለው ወፍ ዘራሽ ጠንካራ ጠንካራውን ነቅሎ ይተክላል፤ ዕድሜውን ታዲያ የሚቆጥረው ከተተከለበት ቀን ነው። እንደ ልማዱ አንዱን እያሳየን፣ ይኼ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ አፈራ እኮ ብሎ ኮራ። የምሥራች ድሮ ትስቅበት ነበር። ያን ቀን ቆማ ቀረች።

"አባዬ፣ ቶሎ አድጎ እኮ አይደለም። ሲጀምር ትልቅ ነበር።"

አባዬ ታዲያ ማን ትንሽ ነበር አለ ብሎ ቅር አለው። እሷ ግን ከባድ ነው ብላ ከመጽሐፏ የዘለለችውን ምዕራፍ ልታነብ ወደ ቤት ሮጣለች።

ጽሑፏን ካምፓስ ለሁለተኛ ጊዜ ባቀረበችበት ቀን አባዬ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠ። የምሥራች ግዙፎቹ ከሞተ ኮከብ ላይጀምሩ ይችላሉ አለች፤ ትልቅ የጋዝ ደመና ኮከብ ሳይሆን እንዳለ ተደርምሶ፣ ገና ሲጀምር ትልቅ ጉድጓድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ደመናው ለምን ወደ ኮከቦች አልተበታተነም ተብላ ተጠየቀች። የጎረቤት ኮከቦች ኃይለኛ ብርሃን ጋዙን እንዳይቀዘቅዝ ከልክሎት ይሆናል፤ ያልቀዘቀዘ ጋዝ ደግሞ በቀላሉ አይቆራረስም ብላ መለሰች። ደስታዬ ሊያስጮኸኝ ደረሰ።

"ስለዚህ የሆነው ይኼ ነው?" አሉ መምህር ጥበቡ።

አዎ በይ፣ አዎ በይ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

"አላውቅም። ከኮከብ ጀምረው በጣም በፍጥነት በልተውም ሊሆን ይችላል። እስካሁን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።"

አባዬ አንገቱን ደፋ። ወደቀች አለኝ በሹክሹክታ። መምህራኑ ጥቂት ተነጋገሩና ጥበቡ ተነስተው ማለፏን ነገሯት፤ እኔ ሳላፍር አለቀስኩ።

ደጅ ስንወጣ አባዬ ግራ እንደተጋባ ነው። አላውቅም ብላ ነው ያለፈችው ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። የእህቴን እጅ ያዘ።

"በይ እንግዲህ ልጄ፣ ያላወቅሽውን ሂጂና ፈልጊ።"