የአይለን ተራ

ባሌ ኤልቢዮ የበግ ፀጉር ጭኖ የአርጀንቲናን ደቡብ፣ ፓታጎንያን፣ ከዳር ዳር ሲያቋርጥ የኖረ ሾፌር ነው። ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር ማውራት ይቀናዋል። ልጃችን «ወንድ አይደለሁም፣ ሴት ነኝ፤ ስሜም አይለን ነው» ያለችን ዕለት ተነስቶ ወደ መኪናው ወጣ። አመሻሽ ላይ ማቴ፣ በአንድ ቅል በየተራ የምንጠጣውን የአገራችንን ሻይ፣ ሲቀዳ ቅሉን ለእኔ ሰጠኝና የእሷን ተራ ዘለለ። እኛ ዘንድ ቅሉ ለፖስተኛ እንኳ ይደርሳል! ጠጪው ራሱ ቅሉን ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ካላለ፣ ማለትም በቃኝ ካላለ፣ ተራው አይታለፍም። ደሜ ፈላ።

አይለን ከዚያ ወዲህ አብራን አትቀመጥም። አርብ ኮሞዶሮ ከተማ እህቴ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን ሸክፋለች።

«እማ፣ አባዬ እንደሌለሁ እየቆጠረኝ ከምኖር ብሄድ ይሻለኛል» አለችኝ።

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ መኝታ ቤት ቆልፌ በስልኬ ስብሰባ እገባለሁ። የምትመራው ቦነስ አይረስ ያለች ሲልቪና የምትባል የሥነ ልቦና ሐኪም ናት፤ ተሰብሳቢዎቹ እንደ እኔ ግራ የገባቸው ወላጆች ናቸው። የትንሽ ከተማ ወሬ ስለምፈራ ካሜራዬን አጠፋለሁ፤ ስሜንም ቀይሬያለሁ። ምላሴን ግን ማን ያጥፋው? «ያ አህያ ባሌ» ሳልል ያለፈ ማክሰኞ የለም።

እንደኔው ካሜራውን የሚያጠፋ፣ «ደቡብ» የሚል ስም ብቻ የሚታይበት ሰው ነበር። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ተናግሮ አያውቅም።

«ደቡብ፣ ዛሬስ የሚሉን አለ?» አለችው ሲልቪና።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ያቺ ባሏን አህያ የምትል ሴትዮ… እውነቷን ነው።»

ክው አልኩ። የኤልቢዮ ድምፅ! ስልኩ ከእጄ አምልጦ አልጋው ላይ ወደቀ። በመስኮት ባጮልቅ መኪናው ግቢ ቆሟል፤ እሱ ጋቢናው ውስጥ አቀርቅሮ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። ያን ሁሉ ስድብ ሲሰማ ከርሞ፣ ማታ ገብቶ «ሾርባሽ ይጣፍጣል» ይለኝ ነበር!

«ልጄን አልጠላኋትም» አለ። «ቅሉን ላቀብላት ስል ስሟን መጥራት አለብኝ። ከጠራሁት ደግሞ ያ ያሳደግኩት ልጅ የሚሞትብኝ ይመስለኛል። ፈራሁ፣ ዶክተር። አርብ ልትሄድ ነው።»

«ይሄን ለእኛ ነገሩን። ለእሷስ ነግረዋታል?»

የጋቢናው በር ሲዘጋ ከስልኬም ከግቢውም ሰማሁት።

ወጥ ቤት ስደርስ ውሃ ጥዷል። ቀና ብሎ አየኝና «አህያሽ መጣ» አለኝ። እየሳቅሁ ቅሉን አቀበልኩት።

«አይለን!» ብሎ ተጣራ።

ልጄ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ቅሉን ዘረጋላት። ተቀብላው ቆማ ጠጣች። «አመሰግናለሁ» እንዳትል እየፈራሁ አፍ አፏን አየሁ።

ምንም ሳትል ቅሉን መለሰችለትና ወንበር ስባ ተቀመጠች።