የመምህር ባዳቾ የኋላ ፍሬን

መምህር ባዳቾ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሰበቃ ሲያስተምር የሚያቆመው የለም። የገዛ መኪናው የኋላ ፍሬን በሶዶ አደባባይ እንደሚታረድ ፍየል ሲጮህ ግን አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይቀብራል።

መኪናዋ ወንድሙ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር የተወለት፣ ቤተሰብን ከነጓዙ የምትይዝ አሮጌ ባለ ፎር ዊል ነች። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ እሑድ ሊውል፣ ሐሙስ ዕለት አማቱን እማማ አሳየሽን ከሻንቶ ያመጣው በእሷ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ገሱባ ያለው የበኩር ልጃቸው ቤት ሊያደርሳቸው ቃል ገብቷል። ዓርብ ጠዋት እማማ አሳየሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣

“እያለቀሰች በምትሄድ መኪና የገሱባን ቁልቁለት አልወርድም” አሉ። “አውቶቡስ አለ።”

ባዳቾ የቁርስ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። አማት የአማቿን መኪና ደጅ አቁማ በአውቶቡስ ከመጣች፣ ገሱባ ላይ ከሥጋው በፊት የሚበላው የእሱ ስም ነው።

“ጋራዥ ውሰዳታ!” አለችው ሚስቱ ፈጠነች።

“መካኒኩ ለበዓል አረካ ገብቷል። ደግሞስ ፍሬን ምንድን ነው? ሰበቃ ነው።”

መጀመሪያ የሚጮኸው ጎማ የትኛው እንደሆነ መለየት ነበረበት። እሱ ከግቢው ፊት ባለው ኮረኮንች ላይ ቀስ እያለ እየነዳ ፍሬን ይይዛል፤ ፈጠነች ነጠላዋን አገልድማ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ጆሮዋን ወደ ጎማው አዘንብላ ጎን ለጎን ትሮጣለች። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

“ምን ወድቆባት ነው?” አለ አንዱ።

“ግራው ነው!” ብላ ጮኸች እሷ።

ባዳቾ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ ጎማውን አወጣ። ጎማውን ይዘው የሚያቆሙትን የፍሬን ሸራዎች እንደ ድስት ክዳን የሚሸፍነው ታምቡር ግን ንቅንቅ አልል አለ። በመዶሻ ዞሮ ዞሮ መታው። ጎረቤቱ አቶ በኃይሉ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲመለከቱ ቆዩ።

“መምህር” አሉ በመጨረሻ፣ “የእጅ ፍሬኑን ለቀኸዋል?”

አልለቀቀውም።

“አሁን ልለቀው ነበር።”

“አይዞህ፣ ገና ግማሽ ሰዓትህ ነው።”

ታምቡሩ ሲወጣ ሸራዎቹ አልቀው ብረት ብረትን ይቧጥጥ እንደነበር ታየ። ባዳቾ የሞላዎቹን አቀማመጥ ደብተር ላይ ሥሎ፣ እያንዳንዳቸውን ፊደል ሰጥቶ፣ ከሱቅ አዲስ ሸራ አምጥቶ በሥዕሉ መሠረት ገጠመ። አንደኛው ሞላ ሁለት ጊዜ ከፒንሳው አምልጦ ጎመን መደብ ውስጥ ገብቶበታል።

“ለምንድን ነው የሚጮኸው?” አሉ እማማ አሳየሽ ከበረንዳው።

“ሰበቃ ነው፣ እማማ። ሁለት ደረቅ ነገር ሲፋተግ ይጮኻል።”

“ደርቆ ነው በለኝ።”

“በአጭሩ፣ አዎ።”

ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ያብራራላቸው ነበር። አማት ከተስማማች ግን ምን ያስቀጥላል? እጁን ታጥቦ ለምሳ ገባ።

ሲመለስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ ሳይቀድመው በጥድፊያ ታምቡሩን ከደነ፣ ጎማውን አሰረ። ከዚያ ደጃፉ ያለችውን ዳገት ሦስት አራት ጊዜ ወጣ፣ ወረደ፣ ፍሬን ያዘ። ድምፅ የለም። ሰው ሁሉ እንዲያየው ዳገቱ መሀል አቆመና የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ።

“ይኸው!” አለ እጁን ዘርግቶ። “ዝም አለች!”

መኪናዋም በዝምታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባዳቾ እየሮጠ በሩን ሲጨብጥ እሷ አጥር ጥሳ፣ የአቶ በኃይሉ እንሰት ውስጥ ገብታ፣ ሁለት ግንድ ተደግፋ ቆማለች።

አቶ በኃይሉ እንሰታቸውን ትተው አየሩን አሸተቱ።

“ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? በጾም ቀን ቅቤ የሚያነጥረው ማነው?”

ሽታው የሚመጣው ከግራው የኋላ ጎማ ነበር። ታምቡሩን ሲያወጡት ሸራው ጠርዝ ላይ ቅቤ አረፋ ይደፍቃል፤ ባልቀለጠው በኩል ደግሞ ሦስት ጣቶች የሙሽራ ፀጉር እንደሚቀቡ ሁሉ ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ የሄዱበት መስመር ይታያል። ፈጠነች ወደ እናቷ ዞረች። እማማ አሳየሽ ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን የቅቤ ማሰሮ በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉና ሰማዩን መመርመር ያዙ።

“ሸራው ጾሙን ገድፏል” አሉ አቶ በኃይሉ። “ማነው የቀባው?”

ባዳቾ ጣቶቹን አየ፣ በረንዳውን አየ። እውነቱን ቢያወጣ አማቱ ነገ አውቶቡስ ላይ ናቸው፤ ነገ ብቻም አይደለም።

“እኔ ነኝ” አለ። “ግራሶ አልቆብኝ።”

“የፍሬን ሸራ ግራሶ ይቀባል?”

“አይቀባም። ተሳስቻለሁ።”

“የፊዚክስ መምህር!” አቶ በኃይሉ ሰፈሩ እስኪሰማ አጨበጨቡ። “ኸረ ልጆቻችንን ለማን ነው የሰጠነው?”

ቅቤ የጠጣ ሸራ እንደማይታመን አቶ በኃይሉ ምለው ስለነገሩት ባዳቾ ሱቁ ሳይዘጋ ሌላ አመጣ። ዝናቡ አባርቶ ቅጠል የሚያንጠባጥበው ውኃ ማጅራቱ ላይ እየወረደ፣ ታምቡሩን በቤንዚን አጥቦ ግራም ቀኝም ቀየረ፤ ከዚያም ዳገቱ ላይ ደጋግሞ ፈተናት። እማማ አሳየሽ ከበረንዳው አልተነሱም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ አንድም ነገር ሳይነኩ ተመለከቱ።

ቅዳሜ ጠዋት የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ እማማ አሳየሽ ከቤት ወጡ። እሳቸው በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩ፤ በሩን ራሳቸው ከፈቱና ከፊት ተቀመጡ። ፈጠነች ከማሰሮው ጋር ከኋላ ገባች።

ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ በየኩርባው ባዳቾ ፍሬን ሲረግጥ እሳቸውም በቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣሉ።

“ትናንት ‘ማነው የቀባው’ ሲባል” አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ፣ “እኔን ማንም አልጠየቀኝም።”

“አዎ፣ እማማ።”

“ቢጠይቁኝ እናገር ነበር።”

“አውቃለሁ፣ እማማ።”

ከኋላ ፈጠነች ሳል የሚመስል ነገር አመለጣት።

የሚቀጥለውን ኩርባ እንደታጠፉ የበዓል በሬ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ጠበቋቸው። ባዳቾ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። በሬው በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ እማማ አሳየሽን አየት አድርጎ አለፈ።

እማማ አሳየሽ እግራቸውን ከወለሉ አነሱ። ከዚያም ጎንበስ ብለው፣ ገና ብዙ መንገድ እንደቀረው ሰው፣ ጫማቸውን አወለቁ።