የተሳቢው ጀርባ

ናዝሬት ፎቶውን በሁለት ጣቷ ለጥጣ አሰፋችው። የስልኩን መስታወት ቢጫ ጽሑፍ ሞላው፤ "ቅደመኝ፣ ጋላፊ እንገናኛለን" ይላል። የተጻፈው በጎኑ በተጋደመ ተሳቢ ጀርባ ላይ ነው። ከተሳቢው ወዲያ ጥቁር ድንጋይና የፈሰሰ ማዳበሪያ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ፊት ያለው ጎታች መኪና ከፎቶው ውጭ ቀርቷል።

"ምን ታፈጪበታለሽ? ልቀቂው እንጂ" አላት ከበበው።

ከበበው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለው። ከዚያው ጎን ለጎን "የጅቡቲ መንገድ" የሚባል የቴሌግራም ገጽ ያካሂዳል። ከአዲስ አበባ የሚመላለሱት ሹፌሮችም ሆኑ በከተማው የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ወሬ የሚቀዱት ከዚህ ገጽ ነው። ናዝሬት ብቸኛዋ ጸሐፊው ናት።

"ምኑን ነው የምለቀው?"

"የፀጋውን ማረፍ ነዋ። ይሄ ጽሑፍ የማን እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አለ? አብረነው ነው የሳቅነው፣ ሲያስጽፈው።"

"አስከሬኑን ያየ ሰው አለ?"

"ሦስት ሰው ነግሮኛል። የእድሩ ዳኛ አቶ ቸሩ፣ የዳቦ ቤቷ ወለላ፣ የሹፌሮቹ ግሩፕ። ሦስት አይበቃሽም?"

"እኔ የጠየቅሁት ያየ አለ ወይ ብዬ ነው፣ ጋሽ ከበበው።"

"አይ የሊዮን ትምህርት። እዚያ ሆነሽ እናትሽ ስትደውልልሽም መታወቂያ ያሳዩኝ ትያት ነበር?"

ናዝሬት ሳቀች እንጂ ስልኩን አላስቀመጠችም። ሊዮን አምስት ዓመት ተምራ ከተመለሰች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እዚያ ሳለች የጅቡቲ ልጅ ይሏት ነበር፣ እዚህ ደግሞ ፈረንሳይቷ ይሏታል። ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አላመነችም። የዳቦ ሚዛን እንኳ ስታይ መርፌው ከዜሮ ተነሥቶ እንደሆነ ጎንበስ ብላ ታረጋግጣለች።

የሹፌሩ የፀጋው ስልክ ዝግ ነው። ይህ ምንም አይነግራትም። የድንበሩን ኬላ ጋላፊን የተሻገረ ሹፌር የጅቡቲ ሲሙን አውጥቶ የኢትዮጵያውን ስለሚያስገባ፣ የሞተም የተሻገረም ሲደወልለት የምትመልሰው ያቺው አንድ የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሴት ናት።

አቶ ቸሩ ዘንድ ደወለች።

"አባባ ቸሩ፣ የፀጋውን ነገር ከማን ሰሙ?"

"ከወለላ ነው ልጄ።"

ወለላ ደግሞ ያየችው የሹፌሮቹ ግሩፕ ላይ እንደሆነ ነገሯት። ናዝሬት ስልኩን ሳትዘጋ ግሩፑን ወደ ላይ እየገፋች እስከ ማለዳው ድረስ ወጣች። ፎቶው እዚያ የገባው ከራሳቸው ከ"የጅቡቲ መንገድ" ገጽ ተወስዶ ነው። ከበበው ገና በጠዋት ከአንድ ከማያውቀው ሰው ደርሶት፣ "ከዲኪል ወዲህ አሳዛኝ አደጋ" ብሎ ለጥፎታል። ሥሩ አንድ ሰው "ይሄ የፀጋው አይደል እንዴ?" ሲል ጠይቋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላው "የፀጋው ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ "ነፍስ ይማር" ነው።

"ጋሽ ከበበው፣ ሦስቱም የቀዱት ከአንድ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑም የእርስዎ ነው።"

ከበበው መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

አቶ ቸሩ ስልኩን ገና አልዘጉም ነበር። "የሆነው ሆኖ፣ ነገ ሳይነጋ ሚስቱን እናረዳታለን" አሉ። "ሽማግሌ ተመርጧል፣ ለድንኳኑም ተነግሯል። እስከዚያ ማንም የፋናዬን ደጅ እንዳይረግጥ።"

"ካረዷት በኋላ ስህተት ቢሆንስ?"

"በባቡሩ ጊዜ አንድ የሐዲድ ሠራተኛ ሞተ ተብሎ ሚስቱን አረዷት። በሳምንቱ በሐሙስ ባቡር መጣ። እሷ ግን ፊቷን ነጭታ ነበር። እስክትሞት ድረስ፣ ሰውየው ባስነጠሰ ቁጥር ትደነግጥ ነበር ይላሉ።"

"ታዲያ ለምን አንቆይም?"

"መዘግየትም ነውር ነው። አገር አውቆ እሷ ሳትሰማ ስንት ቀን ትዋል? እስከ ንጋት ነው ያለሽ፣ ልጄ።"

ናዝሬት በሚኒባስ ከከተማው ዳር ወዳለው ፔካ 12 ወጣች። ፀጋው የሚሠራለት ባለንብረት ስልክ አያነሣም፤ መኪኖቹ የሚቆሙበትን ግቢ ግን ታውቀዋለች። የግቢው ዘበኛ ሙሐዲን ከኮንቴነር ጥላ ሥር ተቀምጦ ገባ ወጣውን በደብተር ይመዘግባል። አማርኛው ያለ እንከን ነው።

"ሹፌሮች ናቸው ያስተማሩኝ" አላት። "ስድቡ ይበዛበታል፣ ትታገሺኛለሽ።"

ፎቶውን አሳየችው። አንገቱን ነቀነቀ።

"ጋላፊ። እኛ ይህን ተሳቢ ጋላፊ ነው የምንለው።" ደብተሩን ገለጠ። "እሑድ ወጣ። የጎተተው 3-71846። ሹፌር፣ ሰብስቤ።"

"ፀጋው አይደለም ማለት ነው?"

"እኔ አላልኩም። ስም የነገሩኝን ነው የምጽፈው። አንዱ ሲቸኩል የጓደኛውን ይሰጠኛል። አንዱማ የእኔኑ ስም ሰጥቶኝ፣ ጽፌ ካሳለፍኩት በኋላ ነው የገባኝ። ቁጥሩን ግን ዓይኔ ያየዋል።"

"የፀጋው ጎታች ቁጥሩ ስንት ነው?"

ሙሐዲን ሁለት ገጽ ወደ ኋላ አገላበጠ። "በስሙ አላገኘሁትም። እዚህ ሁሉም መኪና ያንድ ሰው ነው። ማን የትኛውን እንደሚነዳ እነሱ ያውቃሉ። ሚስቱን ጠይቂያት።"

እርግጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያልተጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። አገሩ በሙሉ ስለ ፀጋው እርስ በርሱ ተጠያይቆ፣ ስለ ፀጋው ከሁሉም የበለጠ የምታውቀውን ሴት በአክብሮት ዘግቶባታል።

ፋናዬ ከካርቲየ ሰባት ቀጥሎ ባለው ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ መጋረጃና የሴት ልብስ ትሰፋለች። ናዝሬት ስትገባ ማራገቢያው ይዞራል፣ የስፌት መኪናውም ይሮጣል። ናዝሬት ከቤት ያመጣችውን ቀሚስ አወጣች።

"ይቺን እንድታሳጥሪልኝ ነበር፣ እትዬ ፋናዬ።"

ፋናዬ ቀሚሱን ሳትነካ አየችው። "ዛሬ አራተኛዋ ነሽ። አንዷ ያልተቀደደ ይዛ መጥታ ስፊልኝ አለችኝ። አንዷ ሰላምታዋን መጨረስ አቃታት። ወለላ ደግሞ ዳቦ በነፃ ሰጠችኝ። ወለላ፣ ገባሽ? ምንድን ነው የሆነው?"

ናዝሬት በሚኒባሱ ውስጥ ያዘጋጀችው ውሸት ነበራት፤ ስለ ታርጋ ቁጥሮች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው ልትል። ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ቆመ። ፎቶውን ቀድማ ብታሳይ ደግሞ መልሱ የድንጋጤ መልስ ይሆናል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከዚያ ለምን እንደጠየቅሁሽ ምንም ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። የፀጋው ጎታች ታርጋው ስንት ነው?"

የፋናዬ እግር ፔዳሉ ላይ ቀረ። "ሦስት፣ አምሳ ስምንት ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት።"

"እርግጠኛ ነሽ? በቃልሽ ነው የምታውቂው?"

"ሲወጣ ሁልጊዜ ለጸሎት የምጠራው ቁጥሩን ነው። ፀጋው የሚባል ሹፌር ብዙ ነው፤ እግዜር እንዳይሳሳትብኝ ብዬ።" እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። "አሁን ንገሪኝ።"

ናዝሬት ነገረቻት። ፎቶውን፣ ገጹን፣ ነገ ሳይነጋ የሚመጡትን ሽማግሌዎች፣ የሙሐዲንን ደብተር። ፋናዬ ስልኩን ተቀብላ ቢጫውን ጽሑፍ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ጽሑፉ የሱ ነው። ተሳቢው ግን እሱ ጋ አይደለም። ሐሙስ ለታ የሚወስደው ጭነት ሌላ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ስለጠበቀው ይሄን ግቢው ውስጥ ጥሎት ሄደ። 'ጽሑፌን ሌላ ሰው ይዞት ሊዞር ነው' እያለ ሲነጫነጭ ነበር።" ስልኩን መለሰችላት። "ማንም አልጠየቀኝም እኮ።"

ናዝሬት ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። ሙሐዲን ፋናዬን አያውቃትም፤ ፋናዬም ደብተሩን አይታው አታውቅም። ሳይመካከሩ አንድ ነገር ነግረዋታል፤ ተሳቢውን የጎተተው የፀጋው መኪና አይደለም። ከጠዋቱ ሦስት ምስክሮች ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ከበዱባት።

ያም ሆኖ ፋናዬ አልተቀመጠችም፣ አልሰፋችም። ስልኳን በርጩማ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየች። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል አንድ የኢትዮጵያ ቁጥር ጠራ።

"ፋኒዬ፣ ሚሌ ገባሁ። ጋላፊ ወረፋ ላይ ሰንብቼ፣ ሲሙ ደግሞ እምቢ ብሎኝ ከትናንት ጀምሮ ..."

"ዝም በል። የት ሆነህ ነው?"

"ሚሌ አልኩሽ እኮ።"

"መኪናው ፊት ቁምና ፎቶ ላክ። ታርጋው ይታይ። ፊትህም ይታይ።"

"ምነው፣ ፖሊስ ሆነሽ ጠበቅሽኝ?"

"ላክ ብዬሃለሁ፣ ፀጋው።" እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ፎቶው መጣ። 3-58213። ከጎኑ አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ግራ ገብቶት ጥርሱን አሳይቷል። ፋናዬ አጉልታ አየችው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች።

ናዝሬት ለአቶ ቸሩ ደወለች። አዛውንቱ "ተመስገን" ብለው ሽማግሌዎቹን ሊመልሱ ስልኩን ዘጉ። ለከበበውም ደውላ የሰማችውን ሁሉ ነገረችው፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠበቀው።

"ጎበዝ። አሁን ቶሎ ጻፊው። ፀጋው በሕይወት አለ፣ የሞተው ሰብስቤ ነው ብለሽ። ስሙን አግኝተሻል አይደል? ሌላ ሰው ሳይቀድመን።"

"መጀመሪያ ስህተቱ ከእኛ ገጽ እንደተነሣ እጽፋለሁ።"

ከበበው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጻፊ እሺ። ግን አታርዝሚው።"

ናዝሬት ፋናዬ ጎን ተቀምጣ በስልኳ ጻፈች። ስህተቱ ከእኛ ነው፤ ፎቶውን ሳናጣራ ለጥፈናል። ሹፌር ፀጋው ሚሌ በሰላም ገብቷል። በአደጋው የሞተው ሹፌር ሰብስቤ ...

ፋናዬ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። አፍንጫዋን ጠረገች።

"ሰብስቤን ማን አየው?"

"ደብተሩ ላይ ነው ያለው።"

"ፀጋውም ስንቴ በሌላ ሰው ስም ወጥቷል።" ወደ ስልኩ ጠቆመች። "ሞተ ያለውስ ማን ነው? ፎቶው ላይ ሰው የለም እኮ።"

ናዝሬት ፎቶውን እንደገና ከፈተችው። ጥቁር ድንጋይ፣ ማዳበሪያ፣ ቢጫ ጽሑፍ። ከጠዋት ጀምሮ ማን እንደሞተ ስትጠይቅ ውላለች፤ የሞተ ሰው መኖሩን ግን ከሌላው ሁሉ ጋር ሳትጠይቅ ተቀብላዋለች። እሷም ከዚያው ጀሪካን ጠጥታለች። የሆነ ቦታ ሰብስቤን ለጸሎት በቁጥር የምትጠራ ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ይህን ገጽ የሚያነብ ጎረቤትም አያጣትም።

"ዲኪል የሚሄደው የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"

"ሲነጋ። እዚያ ምን ልትሠሪ ነው?"

"ሆስፒታሉን ልጠይቅ። ቦታውንም ልይ።"

ፋናዬ ናዝሬት ያመጣችውን ቀሚስ ከጠረጴዛው አነሣች። "እንግዲያስ ይቺን ሳሳጥርልሽ ልደር። ለነገ የሚመጣ እንግዳ የለኝም።"

ስልኩ እጇ ውስጥ ነዘረ፤ ከበበው ነው። ናዝሬት አላነሣችውም። ጣቷን ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ አሳርፋ የሰብስቤን አራት ፊደላት አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ትንሽ ቆይታ "በአደጋው የሞተው ሹፌር" የሚለውንም አጠፋች፤ የቀረውን ላከችው።