ከብየዳው ጎን

ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ማማሰያ» ነው የሚለው። ስድብ አይደለም፤ ማሽኑ ብረት የሚበይደው ሳያቀልጥ ነው። በኃይል የሚሽከረከር ጫፍ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት ላይ ይገባና በፍትጊያ ብቻ አግሎ፣ አለስልሶ፣ እንደ ሊጥ እያማሰለ አንድ ያደርጋቸዋል። እሳት የለ፣ ብልጭታ የለ። ማማሰያ ሚስት ያገባ ዕለት እንኳ በዚህ ማሽን የሚኮራውን ያህል አልኮራም።

እኔ ታላቅ እህቱ የሙከራ ክፍል ነኝ፤ እሱ የበየደውን እስኪበጠስ እጎትታለሁ። «እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትተረትራለች» እያለ ያማኛል። በክፍላችን የቆየ አባባል አለ፦ ከጎን ከተበጠሰ አልፏል። አጠገቡ ያለው ብረት ቀድሞ ከተበጠሰ፣ ብየዳው ከብረቱ በረታ ማለት ነዋ! የወንድሜ ሥራ ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚበጠሰው። የኃይል ማመንጫችን ትልቁ የእንፋሎት ቧንቧም በዚሁ አባባል አለፈ፣ ተገጠመ፣ እንፋሎት ተለቀቀበት።

አባባሉ ግን የቀዝቃዛ ብረት አባባል ነው። ክብደት አንጠልጥለን ምድጃ ውስጥ የተውነው ናሙና ከታሰበው ጊዜ እጅግ ቀድሞ ተበጠሰ። ከጎን። በአጉሊ መነጽር ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ። ይህ ብረት ግለት የሚችለው ውስጡ በተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው። ማማሰሉ ብየዳውን አጠንክሮ፣ ከጎኑ ባለችው ቀጭን መስመር ላይ ግን ቅንጣቶቹን አሳብጦ አልፈስፍሷታል። ስትቀዘቅዝ ትችላለች፤ ስትግል ቀስ እያለች ትለጠጣለች። ዶሮ ጭራ ጭራ ማረጃዋን አወጣች ማለት ይሄ ነው። በዚያ ቧንቧ ሥር ቆሞ መለኪያ የሚያነበው ባሌ ነው።

ዋና መሐንዲሱ ጋ ሮጥኩ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ናሙናውን አገላብጦ አየና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ያቁሙት» አልኩት።

«ባቆመው ከተማው ይጨልማል፤ ሆስፒታሉም ጭምር። መጠባበቂያ እንዲሆን ያዘዝነው ቧንቧ ደግሞ ገና መርከብ ላይ ነው።»

«እና?»

«ግለቱን የምችለውን ያህል እቀንሳለሁ። ከዚያ በላይ ጸልዪ፣ እህቴ።»

መሐንዲስ «ጸልዪ» ሲል እንደ መስማት የሚያስፈራ ነገር የለም።

ማማሰያ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «እታለም፣ ብየዳዬ ነው እንዴ የተበጠሰው?»

«አይደለም። ከጎኑ ነው።»

«ተመስገን!» አለና ፊቱ በራ። ነገሩን ሳስረዳው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ልፍታውና ልድገመው?»

«እንፋሎት ውስጡ እያለ?»

ልቆጣው ፈልጌ አንጀቴ አልቻለም፤ ያጠፋው ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩን ሁሉ ነግሬ ባሌን ለመንኩት። «አሞኛል በልና ቅር።»

«እኔ ብቀር በቦታዬ የሚቆመው ሰውዬ ሚስቱ አራስ ናት። እሱ ይሙትልኝ ልበል?»

አለቀስኩ። ደረቅ አልኩት፣ ግትር አልኩት፣ እናቱንም ጨምሬ ወቀስኩ። ጫማውን እያሰረ ሰማኝ። ተስፋዬ ሁሉ እጄ ላይ አለቀ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። በትዳራችን ሙሉ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እሺ ባለሙያዋ፣ ብየዳው ሁለት ጎን አለው አይደል? በየትኛው በኩል ልቁም?»

ናሙናው የተበጠሰው በግራ ነው። ቧንቧው ግን ናሙና አይደለም፤ በየት በኩል እንደሚጀምር ማንም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ባሌ እጀታውን ይዞ መልስ ይጠብቃል።

«በቀኝ» አልኩት።

«በቀኝ» ብሎ እንዳይረሳው ደገመልኝና ወጣ።