ቤት ጠባቂዋ መሐንዲስ

ሐዊ ስህተቱን ያገኘችው ሰኞ ጠዋት ነው። የምትሠራበት ቢሮ ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሰፈር አቋርጦ የሚወርደውን ወንዝ ዳርቻ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር» አደርጋለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ግንብ ሲገነባና ችግኝ ሲተክል ቆይቷል። የቀረው የመጨረሻው ሪፖርት ላይ የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። ሐሙስ ፕሮጀክቱን የደገፉት የውጭ እንግዶች መጥተው ይመርቁታል።

የውኃ መሐንዲስ ናትና ከመፈረሟ በፊት ስሌቱን አንዴ ልየው ብላ ከፈተችው። በመንገዱ ሥር የተቀበረው ቱቦ ስፋት የተሰላው ከሠላሳ ዓመት በፊት በተለካ የዝናብ መጠን ነው። ያኔ ግማሽ ቀን ሲያካፋ ይውል የነበረው ዝናብ አሁን በአንድ ሰዓት ይወርዳል። ቱቦው አይችለውም። ቱቦው ሲሞላ ደግሞ ውኃው የሚመለሰው ወደ ቤቶቹ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግማ አሰላችው። ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነ።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አለቃዋ ገባች።

«አቶ ሉልሰገድ፣ ይህንን መፈረም አልችልም።»

ሉልሰገድ መነጽሩን አውልቆ ቁጥሮቹን ረጋ ብሎ አያቸው። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ልክ ነሽ» አላት። ከቁጣ ይልቅ ይሄ አስፈራት። «ግን ሐሙስ ይለፍ። ዛሬ ስህተት አለ ካልን እንግዶቹ የሁለተኛውን ምዕራፍ ገንዘብ ይሰርዙብናል። ቱቦውን የምናሰፋው በምኑ ነው ታዲያ?»

«እስከዚያ ቢዘንብስ?»

«ሐዊ፣ እስከ ዛሬስ ዘንቦ የለም እንዴ?»

ሳትፈርም ወጣች። ማክሰኞ ከሉልሰገድ በላይ ላሉት ኃላፊ ደብዳቤ አስገባች፤ «ይታያል» ተባለች። የዚያኑ ቀን የአየር ትንበያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል ተናገረ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ቁልቁል ወደ ሰፈሩ ወረደች። እንጦጦ በጥቁር ደመና ተሸፍኖ አይታይም። ለውኃው በጣም የቀረበው ቤት የእማማ ተሾመች ነው። እማማ ተሾመች በር ላይ ቆመው መጀመሪያ ያዩት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የቢሮ መታወቂያ ነበር። በዚህ ሰፈር መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው የሚመጣው ሊፈርስ የታሰበ ቤት ላይ ቀይ ምልክት ሊቀባ ነው።

«ቀለሙ የታለ?» አሏት።

«ቀለም አልያዝኩም፣ እማማ። ጎርፍ ይመጣል ብዬ ነው። ለዛሬ ብቻ ይውጡልኝ።»

«ለዛሬ ብቻ! እነ እንትናም ለዛሬ ብቻ ተብለው ነው የወጡት። ሲመለሱ ቤቱ ሜዳ ሆኖ ጠበቃቸው።»

ከውስጥ የሰው ሳል ተሰማ። ባለቤታቸው ጋሽ ዘበነ ግማሽ አካላቸው ከማይታዘዛቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐዊ አልጋው ላይ ተኝተው አየቻቸው። ሳታስበው አፏ ቀደማት።

«እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ። እስክትመለሱ እዚሁ እቀመጣለሁ። ማንም መጥቶ ምልክት አያደርግም።»

እማማ ተሾመች ትኩር ብለው አዩዋት። «የት ሄዱ ብለው ቢጠይቁሽስ?»

«ገበያ ወጡ እላለሁ።»

«ዘበነ ገበያ ወጣ ብትያቸው ማን ያምንሻል!» አሉና ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ጎረቤታቸውን ሉዋምን ጠሩ። ሉዋምና ሁለት ጎረምሶች ጋሽ ዘበነን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከነወንበሩ ተሸክመው ወደ ላይኛው መንገድ ወጡ። ግትሯ እማማ ተሾመች መውጣታቸውን ያየ ሰፈርተኛም ልጁን እያንጠለጠለ ተከተለ።

ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሐዊ የራሷን ትንፋሽ እንኳን መስማት አቃታት። በሩን ከፍታ ወደ ቱቦው አየች። ቢሮዋ ያስተከላቸው ችግኞች ከነሥራቸው ተነቅለው የቱቦውን አፍ ደፍነውታል። ውኃው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቤቶቹ ዞረ።

መሸሽ ነበረባት። እሷ ግን የጋሽ ዘበነን ፍራሽ ቁምሳጥኑ ላይ ለመስቀል ትታገል ነበር። ውኃው ጉልበቷ ሲደርስ የጓሮው የጭቃ ግድግዳ አብጦ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል አየች። ፍራሹን ለቃ በበሩ ወጣች፤ የደረጃውን ድንጋይ በእጇም በእግሯም ቧጥጣ ስትወጣ ከኋላዋ ቤቱ ተደረመሰ። ስድስት ቤት ፈረሰ። ውስጣቸው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ምረቃው ቀረ። ሉልሰገድ በጠዋት ሰፈሩ ድረስ መጥቶ ጫማው ጭቃ ውስጥ እስኪሰጥም ቆመ።

«ስሌቱን ስጪኝ» አላት። ለእንግዶቹም ራሱ አቀረበው፤ ሰኞ ዕለት ማወቁንም አልደበቀም። ቱቦው እንዲሰፋ ተወሰነ፤ ቁፋሮው የሚጀመረው ግን ክረምቱ ሲወጣ ነው። የፈረሱት ቤቶች ቦታ «አረንጓዴ ስፍራ» ተብሎ ቤት እንዳይሠራበት ተከለከለ። ለእነ እማማ ተሾመች ከተማው ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሐዊ ልትጠይቃቸው ሄደች። ጋሽ ዘበነ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከገቡ ጀምሮ ወደ መሬት አልወረዱም።

«ይቅር ይበሉኝ። ይመለሳሉ ብዬዎት ነበር» አለች።

«አልዋሸሽኝም» አሉ እማማ ተሾመች። «ያልሽው ነው ያልሆነው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሉዋም ግን እዚያው ናት። የእሷ ቤት አልፈረሰም። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ቤት አለ። ሌላ እንደዚያ ያለ ዝናብ ይመጣል?»

«ይመጣል፣ እማማ። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም» አለች ሐዊ።

እማማ ተሾመች ስልካቸውን አንስተው ሉዋም ጋ ደወሉ።

«ስሚ፣ ደመናው ከከበደ ውጪ። ይቺ ልጅ ባትመጣም ውጪ።» መልሷን አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ምን አለች?» አለች ሐዊ።

«ማን ቤቴን ይጠብቅልኛል አለች።»