የተገዘተ እጅ

ምስጋኑ ቅዳሜ ከሰዓት ከሚኒባሱ ሲወርድ ሁለት እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ነበር። መካኒክ ነው፤ ጋሸና መገንጠያው ላይ ጋራዥ አለው። መካኒክ ለሥራ ሲጠራ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ይሄዳል። እሱ ግን ሆን ብሎ ባዶውን መጣ።

“መፍቻህስ?” አለው ደግሰው ከግቢው በር ቆሞ።

“አንተ ጋ አይጠፋም።”

ደግሰው ፊቱን ቋጠረ። በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው፣ ድሮ “ጋሼ” እያለ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳው ሰው ዛሬ “አንተ” አለው። ይህችን “አንተ” ምስጋኑ ሁለት ዓመት በአፉ ሲያላምጣት ኖሯል።

ደግሰው ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዳገት ላይ ይኖራል። እህልና ሲሚንቶ የሚያመላልስባት አሮጌ የናፍታ መኪና አለችው። ይህች መኪና አንዳንድ ጠዋት አልነሳም ትላለች። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው በኃይል ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። በሌላ መኪና ተጎትታ ምስጋኑ ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ምንም እንዳልነካት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ እዚያ ሦስት ቀን ብታድርም ያው ነው። ሦስት ጊዜ መጣች፣ ሦስት ጊዜ ደህና ናት ብሎ መለሳት።

ከሦስተኛው በኋላ፣ አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደግሰው በሰፈሩ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከሕዝቡ መሃል ብድግ አለ። “እሱ ዘንድ ትነሳለች፣ እኔ ዘንድ ትሞታለች። አስሯት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አያቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ እጁ የአያቱ እጅ ነው!” ሕዝቡ አጉረመረመ፣ ከዚያም ጮኸ። ቄስ ገብረ ዮሐንስም ጩኸቱ ሲበዛባቸው የምስጋኑ እጅ ሁለተኛ በዚያች መኪና እንዳያርፍ ገዘቱ።

ቀጥቃጭ! በቀጥቃጭ ማረሻ ያርሳሉ፣ በቀጥቃጭ ማጭድ ያጭዳሉ፣ የፋሲካን በግ በቀጥቃጭ ቢላ ያርዳሉ፤ ሥጋውን በልተው አፋቸውን ሳይጠርጉ ያንኑ ሰው ቡዳ ይሉታል። ሠርቶ የማያውቅ እጅ ንጹሕ፣ ብረት የሚገራ እጅ ርኩስ! እንዲህ ያለውን ድንቁርና ባህል ብሎ የሚያከብር ሁሉ አብሮ ሊያፍር ይገባዋል።

ወሬው ጋሸና ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በወሩ ምስጋኑ ከጽዋ ማኅበሩ ተቀምጦ ጠጣና ጽዋውን አጠገቡ ላለው የአሥር ዓመት ጓደኛው አቀበለ። ጓደኛው ከመጠጣቱ በፊት የጽዋውን አፍ በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ምስጋኑ ከዚያ ማኅበር ዳግም አልተቀመጠም።

ደግሰው ግን መኪናዋ አልዳነችለትም። ባትሪ ቀየረ፣ ሞተሪኖ አስጠገነ፣ የናፍታ ፖምፓዋን ወልድያ ወስዶ አስፈታ፣ ጠበል ረጨባት። ያው ናት። በመጨረሻ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ራሳቸው ወደ ምስጋኑ ላኩ። ምስጋኑ የመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ ስሙ በጠፋበት ሕዝብ ፊት፣ ባጠፋው በዚያው አፍ እንዲመለስለት።

መኪናዋ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ፣ የኋላ ጎማዎቿ ድንጋይ ተደግፈው ቆማለች። ከፊቷ ኮረብታው፣ ከኮረብታው አናት በጽድ የተከበበው ሚካኤል። ቄስ ገብረ ዮሐንስም አጠገቧ ቆመው ይጠብቃሉ።

“አልነሳም የምትለው መቼ መቼ ነው?”

“ጠዋት።”

“ላሊበላ ያደረች ጊዜስ?”

“ትነሳለች። እዚህ ነው የምትሞተው። እኔ ቤት ብቻ!”

“ሁልጊዜ እንዲህ ሽቅብ ነው የምትቆመው?”

“ታዲያ ቂጧን ለሚካኤል ላዙርለት?” ደግሰው ደሙ ፈላ። “እኛ ታቦት እናውቃለን።”

ሚስቱ ባንችይርጋ ከበራፉ ላይ ሳቀች። “ዝናብም ቢወርድ ሦስት ጊዜ ወደፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ብሎ አፏን ወደ ታቦቱ ሳያዞር አይገባም። እኔን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆልኝ አያውቅም እቴ! ለወንድሜ ተዝካር ግቢው ዳስ የሆነ ዕለት ብቻ ታች ሜዳው ላይ አደረች።”

“ጠዋትስ?”

“ሳትለመን ተነሳች።”

ምስጋኑ ሳቁን ዋጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንገበገበው ነገር ይህ ነበር!

“በል የናፍታ ማጣሪያው አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላ” አለ።

“እኔ?”

“የእኔ እጅ ተገዝቷል። አባታችን እዚሁ ናቸው፣ ጠይቃቸው።”

ቄስ ገብረ ዮሐንስ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን አዩ። “ገዝቻለሁ” አሉ ቀስ ብለው።

ደግሰው በነጭ ጋቢው መኪናዋ ሥር ተንበረከከ። መፍቻው ሁለት ጊዜ አምልጦት ጣቱን ላጠው። ምስጋኑ ከአናቱ ቆሞ፣ እጁ ጋቢው ውስጥ እንዳለ ያዘዋል። “በእጅ የምትገፋዋን ፓምፕ ግፋ። ግፋ! ሲሚንቶ ጫኝ አይደለህ?”

ከብሎኗ ሥር እንደ ጠላ አረፋ ያለ ነገር ገንፍሎ ጋቢውን አበላሸው።

“አየር ነው” አለ ምስጋኑ። “የሆነ ቦታ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለች። አፍንጫዋ ሽቅብ ሲያድር ናፍታው ወደ ታንኩ ይወርዳል፣ በቦታው አየር ይገባል። ጠዋት ሞተሩ አየር ይጠጣል። ከዚህ ዳገት ቁልቁል ስትጎተት ናፍታው ተመልሶ ይሞላል፤ ጋሸና ደግሞ ሜዳ ነው፤ እዚያ ናፍታው የትም አይሄድም። ያሰርካት አንተ ነህ፤ በየማታው፣ በገዛ እጅህ።”

አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍታ ሲወጣ ብሎኗ ተጠበቀች፣ መኪናዋም ተነሳች። ደግሰው ላቡን ጠረገ።

“አሁን አዙራት” አለ ምስጋኑ። “ቂጧን ወደ ሚካኤል፣ አፍንጫዋን ቁልቁል። እንዲያ ትደር።”

“ነገ እሁድ ነው እኮ! ሕዝቡ ሲወጣ…”

“ለዚያው ነው።”

ደግሰው ወደ ቄሱ ዞረ። ቄስ ገብረ ዮሐንስ “አዙራት” አሉት። “ሚካኤል በመኪና ቂጥ አይቀየምም።”

ምስጋኑ ቄሱ ቤት አደረ። ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት በደግሰው ግቢ በኩል አለፈና አጎንብሶ አየ። ሌሊቱን ናፍታው ወደ ሞተሩ ስለተጫነ ቀዳዳዋ ራሷን አጋልጣለች፤ ከማጣሪያው አንድ ብሎን ሥር ጠብታ ተንጠልጥላለች። ብሎኑ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ተሰንጥቃለች። የጣት ቀለበት የምታህል ነገር፤ ለመቀየር አሥር ደቂቃ አትፈጅም። የመፍቻ ሳጥኑን ቤቱ ቢተውም እንዲህ ያለ ቀለበት ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም። ዳሰሳት። ለማንም አልተናገረም።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወርድ መኪናዋን አየ። አንዱ አማተበ፣ አንዱ “ደግሰው አበደ እንዴ?” አለ፣ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ደግሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣና ቁልፉን አዞረ። በአንድ ጊዜ ተነሳች። ሳቁ ቆመ።

“ውረድ” አለው ምስጋኑ። “ያኔ የተናገርከው ቆመህ ነው።”

ደግሰው ወረደ። “በእሱ እጅ አልነበረም” አለ።

“አልተሰማም።”

“በምስጋኑ እጅ አልነበረም!” ወደ ሕዝቡ ዞረ። “ሽቅብ አቁሜ ያበላሸኋት እኔ ነኝ። በሐሰት ነው ያስገዘትኩት።”

ቄስ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን አወጡ። “እኔም በጩኸት ገዘትሁ፤ ለእኔም ንስሐ ነው። እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ።”

ምስጋኑ ያኔ እጆቹን ከጋቢው አወጣ። ጥቁር ዘይት በጥፍሩ ሥር የሰረጸበት፣ ሰፊ እጅ ነው። ሕዝቡ እጁን ያይ ነበር። መስቀሉን ተሳለመ።

“በል እንግዲህ ወንድምዓለም” አለ ደግሰው፣ እፎይ ብሎ። “ያቺን ቀዳዳ ድፈናትና እኔም እንደ ወጉ ላዙራት።”

“የቷን ቀዳዳ?”

“አላገኘሃትም?”

“አግኝቻታለሁ። እጄ ተፈቷል ደግሰው፤ ከእንግዲህ ደስ ያለው ቦታ ያርፋል። እዚህ አያርፍም። ቂጧ ለሚካኤል እስከሆነ ድረስ በየማለዳው ትነሳልሃለች።”

“ይቅር በለው እንጂ ምስጋኑ” አሉ ቄሱ።

“እላለሁ አባቴ። ሁለት ዓመት ነው የወሰደብኝ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ እመለሳለሁ።”

ቁልቁል ወርዶ የጋሸናን ሚኒባስ አስቆመ። መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ የመዳቧን ቀለበት ከኪሱ አወጣት፣ በሁለት ጣቱ አሽከረከራት፣ መልሶም ከተታት። ሚኒባሱ ኩርባውን ሊይዝ ሲል ዞሮ ዳገቱን አየ። ደግሰው ናፍታ የጠጣውን ጋቢ ከትከሻው አውልቆ የመኪናዋን ኋላ ከታቦቱ ለመሸፈን ይታገላል። በግራ ሲስበው በቀኝ ይገለጣል፣ በቀኝ ሲስበው በግራ። ጋቢው አልበቃም።